በሎሎጎ የተሰጣ በርበሬ

እናቴ ቤት፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ ሰማያዊ ሸራ አለ። ዳርና ዳሩ ተተልትሏል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ በስንት ሳሙና ታጥቦ እምቢ ያለ ቀይ እድፍ አለበት። በቀደም ቤት ሳጸዳ ይሄማ ይጣል ብዬ አወረድኩት። ገና ስዘረጋው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው ሽታ ግን እጄን ያዘው። በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ትንሽ ጭስ አለበት፣ ትንሽም የእርጥብ አፈር። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሽታ ይቀራል ብል የሚያምነኝ ስለሌለ ለማንም አልተናገርኩም። መልሼ አጣጥፌ ቦታው አስቀመጥኩት።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጁባ ነበር። አባቴ ጀማል፣ ካስተም በሚባለው ገበያ ውስጥ፣ የሳሙና፣ የዘይትና የስኳር ማከፋፈያ ነበረው፤ ቤታችን ደግሞ ሎሎጎ የሚባል ሰፈር። እናቴ ዘይነባ የቡታጅራ ልጅ ናት፣ በርበሬ ከሚታወቅበት አገር። እኩዮቼ ስለ ልጅነት ክረምታቸው ሲጫወቱ የሆያ ሆዬውን ዱላ፣ የእንቁጣጣሹን አበባ፣ ለትምህርት ቤት መከፈቻ የተገዛላቸውን ጫማ ያነሳሉ። እኔ አብሬ እስቃለሁ እንጂ ወሬው ውስጥ አልገባም። የኔ ክረምት በሚያዝያ ገብቶ ውጣ ቢሉት የማይወጣ ክረምት ነበር።

የጁባ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ነፋሱን ይልካል። ነፋሱ አቧራውን፣ ፌስታሉን፣ ከገመድ ላይ ያልተነሳውን ልብስ ሁሉ እየጠራረገ ይሮጣል፤ ከዚያ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ነገር ሰው ከሰው አያሰማማም። የመጀመሪያው ዝናብ ባባራ ማግስት ክንፍ ያላቸው ምስጦች ከመሬት እየፈሉ ይወጣሉ። የሰፈሩ ልጆች በጣሳ እየለቀሙ እሳት ላይ ያምሷቸዋል፤ እኔም አብሬ እቆረጥም ነበር፣ ቅቤ የነካው ቆሎ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ከንፈሬ ላይ ክንፍ ተለጥፎ እናቴ ያዘችኝና አፌን እስኪያቃጥለኝ ድረስ በሳሙና አሻሸችኝ። ከምስጡ ቀጥሎ የማንጎው ጊዜ ነው። ከማንጎው በኋላ ጭቃው ይመጣል፣ ጫማ ውጦ የሚያስቀር ጥቁር ጭቃ፤ የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ነጂዎቹ ሎሎጎ ድረስ አንገባም ይላሉ፣ ከዩጋንዳ የሚመጡት የጭነት መኪኖችም እስከ መስታወታቸው ጭቃ ለብሰው፣ ከቀናቸው ዘግይተው ካስተም ይደርሳሉ። አባቴ ማታ ሲገባ የሱሪው እግር እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው።

ሁሉም ነገር የሚገለበጠው ወደ ኅዳር ማለቂያ ነው። ነፋሱ ፊቱን ያዞራል፣ ሰማዩ አመድማ ይሆናል፣ ከተራራው ጥግ ሣር ሲቃጠል ጥላሸቱ ግቢያችን ድረስ መጥቶ የታጠበ አንሶላ ላይ ያርፋል። የካቲት ላይ የበሩን መቀርቀሪያ በባዶ እጅ መንካት አይቻልም ነበር። እኛ ልጆች ያኔ ዝናቡ ይናፍቀናል፤ ሲመጣ ደግሞ እናማርረዋለን።

እናቴ ግን ይሄን ሁሉ እያየች ከራሷ ወራት አትንቀሳቀስም። ሰኔ ሲገባ ብርድ ብርድ አለኝ ብላ ጋቢ ትከናነባለች፤ ሐምሌን ጨለማ ነው ብላ በቀትር መብራት ታበራለች። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ውጭ እየዘነበ "ጥቢ ገባ፣ ተመስገን" ትላለች። አባቴ በዚህ ሲያበሽቃት ደስ ይለዋል። ጥቅምት ላይ፣ ላቡ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ፣ ትከሻውን ሰብስቦ እየተንቀጠቀጠ ይገባና "በጥቅምት አንድ አጥንት ነው የተባለው፣ ሥጋው የታለ?" ይላታል። እሷም የያዘችውን ፎጣ ትወረውርበታለች።

እኔም ብሆን ከእሷ አልሻልም ነበር። የምማረው ንያኩሮን አካባቢ ነው፤ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ዩጋንዳዊ ነበር፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠመኔ የሚለብስ ሰው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ህንድን ሣለ። ከባሕሩ ወደ ምድር የሚሄዱ ቀስቶች አሰመረና ይሄ የዝናቡ ነፋስ ነው አለ፤ ከምድር ወደ ባሕር የሚመለሱትን ደግሞ የደረቁ ነፋስ ነው አለን። ሞንሱን የሚለውን ቃል ያን ቀን ነው የሰማሁት። በዚያ ትልቅ አገር ዝናቡ ከደቡብ ጫፍ ተነስቶ ከአውራጃ አውራጃ እየተሻገረ እንደሚወጣ፣ ሰዉም ደርሶልናል ሲባል ከነልብሱ ውጭ ወጥቶ በዝናቡ እንደሚደበደብ ነገረን። ቀጥሎ የኛስ አገር ዝናብ መቼ ያልቃል ብሎ ጠየቀ። እጄን ቀድሜ አወጣሁና በመስከረም ያልቃል፣ ቢጫ አበባም ይወጣል አልኩ። ወሩ መስከረም ነበር። ውጭ የሚወርደው ዝናብ ጣሪያውን ሊገነጥለው ደርሶ ስለነበር አስተማሪው መልሴን በጆሮዬ ንገሪኝ ብሎ ነው የሰማው፤ ከዚያ ለክፍሉ ጮክ ብሎ ሲደግመው ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። የህንድ ዝናብ ለህንድ ነው ብላ ዘጋችው።

ከዚያ በፊት ግን፣ በ2006 ታኅሣሥ፣ ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ ጁባ ላይ ተኩስ ነበር። ከዚያ ጊዜ ከሁሉ በላይ አብሮኝ የቀረው የእናቴ መዳፍ ነው። አልጋ ሥር ጎኔ ተኝታ ጆሮዬን በመዳፏ ሸፍናው ነበር፤ መዳፏ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ጸጥ ሲል ወጣን፤ ብዙ የኛ ሰዎች ግን ሱቃቸውን እየዘጉ ሄዱ። አብራኝ ገመድ የምትዘለው ጓደኛዬ ከነቤተሰቧ ሄደች፣ ገመዱን ለኔ ትታ።

አባቴ ቢያንስ እናንተ ሁለታችሁ አገር ግቡ አለ። እናቴ እምቢ አለች። የእሷ አባት በሰው ከተማ ነጋዴ ስለነበሩ ያደገችው ሻንጣ ይዘው ለአረፋ ሲመጡ እያየቻቸው ነው። "አባቴን የማውቀው በእንግድነት ነው። ልጄ እንደዚያ አታድግም" አለችው፤ በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። ሲከራከሩ ሰነበቱና በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ የሚቀጥለው ክረምት ሲወጣ ይወሰናል። እስከዚያ ከተማው ከረጋ አብረን እንኖራለን፣ ካልረጋ እኔና እናቴ እንሄዳለን። ለነሱ የቀጠሮ ቃል ነበር። እኔ ግን ክረምቱ ሲወጣ በተባለ ቁጥር ጆሮዬን በመዳፌ እደፍን ጀመር። በዓለም ላይ ዝናብ እንዳያልቅ የምትጸልይ ልጅ ብትኖር እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ስለ በርበሬው ልንገራችሁ። እናቴ ጁባ ከገባች ጀምሮ በርበሬ አዘጋጅታ አታውቅም ነበር። አያቴ አስፈጭተው ይልኩላታል። የኛ ሰፈር ሴቶች ለምን አታዘጋጂም ሲሏት መልሷ አንድ ነበር፤ በርበሬ የሚሰጣው በራስ ቤት ነው፣ ይሄ ማረፊያ ነው። ስለዚህ በዚያ ክረምት መሐል ስልክ አንስታ የተፈጨውን ትታችሁ ዛላውን ላኩልኝ ስትል ስሰማ፣ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። እናቴ ለመኖር ወስናለች። ለአባቴ በአፏ አልነገረችውም፤ በርበሬው እንዲነግርላት ነው የፈለገችው።

ዛላው በአንድ ጊዜ አልመጣም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ሁሉ በሻንጣው ጥግ አንዳንድ ፌስታል እያመጣ፣ ከአልጋው ሥር ያለው ጆንያ ቀስ እያለ አበጠ። ያ ዓመት አረፋ ከመስቀል ጋር ተቀራርቦ የዋለበት ነው። መስቀል የክርስቲያኖች በዓል ቢሆንም፣ በእናቴ አገር የዝናቡን መሸኛ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚቆጥረው በእሱ ነው። መስቀልም አለፈ፣ አረፋም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ። እናቴ ጆንያውን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

ቤቱ በሙሉ ሥራ ሆነ። ዛላው ፀሐይ መትቶት ተቀነጠሰ፣ ተደለዘ፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው ተወቅጠው ገቡበት፤ ታሽቶ፣ ተሸፍኖ አደረ። በማግስቱ አባቴ ከመጋዘኑ ያመጣውን ሰማያዊ ሸራ ግቢው መሐል ዘርግታ በርበሬውን አሰጣችው። ግቢያችን እንደዚያ አምሮ አይቼው አላውቅም። ሽታው ከአጥር አልፎ መንገድ ድረስ ይወጣ ነበር፤ ሰው ሁሉ እያነጠሰ ያልፋል። አባቴ ለምሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ሸራውን ብዙ አየው። እጁን ሲታጠብ ሲያፏጭ ሰማሁት።

ጎረቤታችን ማማ ኪደን ነበሩ። ከአገሬው፣ ከባሪ ጎሳ ናቸው፣ ሎሎጎ ሎሎጎ ሳይባል ጀምሮ እዚያው ያሉ ሴትዮ፤ አጥራችን የሸንበቆ ስለነበር ግቢያችን አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ዕድሜያቸው ከአያቴ አያንስም። ያን ቀን አጥሩን ገለጥ አድርገው ቀዩን ነገር አዩና ምላሳቸውን ጠጠጠ አደረጉ።

"ዘይነባ፣ ማታራ ሊሳ ማ ከላሱ" አሉ። ዝናቡ ገና ነው፣ አላለቀም ማለታቸው ነው።

የእናቴ የጁባ አረብኛ ከገበያ አይዘልም፣ ይሄን ግን ተረድታዋለች። ፈገግ ብላ አንገቷን ነቀነቀችላቸው። እሳቸው ሲሄዱ ወደ እኔ ዞራ ጥቅምት እኮ ነው አለች፤ የጥቅምትን ስም የሰማ ደመና የሚደፍር አልመሰላትም። ደግሞም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፀሐይ የሷ ሆነች። በርበሬው ጠዋት ይሰጣል፣ ከሰዓት ይገለበጣል፣ ማታ ይገባል። ማማ ኪደን በአጥሩ ቀዳዳ ባዩ ቁጥር እናቴ በጣቷ ወደ ሰማዩ እያሳየች ትስቅባቸዋለች። እሳቸውም ይስቃሉ።

የሆነው የሆነ ቀን፣ እናቴ ለአባቴ ምሳ ይዛ ካስተም ሄደች። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ሰማዩ እስከ ቀትር እንከን አልነበረውም። ከዚያ ያ ነፋስ መጣ። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ነበር፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ግማሹን ቦዳ ቦዳ ላይ፣ ግማሹን በእግሬ ሎሎጎ ደረስኩ። ዝናቡ አባርቷል። በራችን ሥር ግን ቀይ ውሃ እየፈሰሰ ነበር።

ቆምኩ። መንገዱ ላይ ደም ካየሁበት ካለፈው ታኅሣሥ ወዲህ ያን ቀለም መሬት ላይ ማየት አልችልም ነበር። እማዬ ቤት ውስጥ ናት ብዬ ነበር የማስበው። አፍንጫዬ ነው ያዳነኝ፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ በደስታ ይሁን በድንጋጤ እስከዛሬ አላውቅም።

ማማ ኪደን ግቢያችን ውስጥ ነበሩ። ነፋሱ ሲነሳ አጥሩን ጥሰው ገብተው ሸራውን ወደ ጣሪያው ሥር ሊጎትቱት ሞክረዋል፤ ሸራው ግን ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ እንደ ገንዳ ሞላ። ከበርበሬው የሚበዛው ውስጡ ሲዋኝ ደረስኩ። ሁለታችንም በሰፌድና በእጃችን መጭለፍ ጀመርን። ጣቶቼ ይቃጠላሉ፣ ዓይኔን ማበስ አልችልም፣ እሳቸው በባሪ ቋንቋ የሆነ ነገር እያጉረመረሙ ይጨልፋሉ። እናቴ የመጣችው ቆይታ ነው። ካስተም አደባባይ ላይ ውሃ ይዟት ነበር። እርጥብ ልብሷ ከላይዋ ላይ ተጣብቆ፣ የአባቴን ባዶ ሳህን ይዛ፣ በሩ ላይ ቆማ አየችን።

ሳህኑን አስቀምጣ መጥታ አብራን ጨለፈች። ሲያልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ቀይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። አመሻሽ ላይ አባቴ ሲገባ እዚያው ነበረች።

"መልሱ ይኸው መጥቷል፣ ጀማል። ክረምቱም ወጣ፣ ቤቱም ቤት አልሆነም። እንሄዳለን" አለችው።

አባቴ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም። እሱም ከበሩ ኋላ ያለውን ቡናማ ሻንጣ ስታወጣ አልከለከላትም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ የኔን የትምህርት ቤት ልብስ ስታጣጥፍ አየ። እኔ በዚያች ሰዓት የጠላሁት ዝናቡን ነው። ወራት ሙሉ እንዳያልቅ የጸለይኩለት ዝናብ፣ ሳያልቅ ቀርቶ ጉድ ሠራኝ።

በነጋታው ማማ ኪደን ትላልቅ ሰፌዶች በራሳቸው ተሸክመው መጡ። እርጥቡ በርበሬ በተቀመጠበት ቤት ከአሁኑ ሻገት ሻገት የሚል ሽታ ጀምሮ ነበር። እናቴ የተከፈተውን ሻንጣ አሳየቻቸውና በእጇ ወደ ሩቅ ጠቆመች። እሳቸው ምንድነው የምትለው አሉኝ። ነገሩን በሙሉ ነገርኳቸው፤ የተኩሱን፣ የአባቴን፣ ክረምቱ ሲወጣ ይወሰናል የተባለውን። ማማ ኪደን አድምጠው ሲያበቁ ሻንጣውን ሳይሆን ሰማዩን አዩ፤ እንደገና ጠቁሯል።

"ታዲያ ዝናቡ መቼ አለቀ?" አሉኝ። "ሳያልቅ ምን ይወሰናል? ለእናትሽ ንገሪያት። ፀሐይ ከሌለች እሳት አለ።"

አንድም ሳልቀንስ ሳልጨምር ለእናቴ ነገርኳት። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። እየሳቀች ሻንጣውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አንዱን ሰፌድ ተቀበለቻቸው።

የማማ ኪደን ማብሰያ ጎጆ ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ ከእንጨት የተሠራ ቆጥ አለ። ዝናቡ ሲበረታ ዓሣ የሚያደርቁበትና የዘር በቆሎ የሚያስቀምጡበት ነው። በርበሬውን ሰፌዶቹ ላይ ሳሳ አድርገን ዘርግተን እዚያ ላይ ሰቀልነው። እናቴ ዓሣውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ዓሣ ዓሣ ሊልብኝ ነው ብላ ብታማርር ማማ ኪደን ዓሣቸውን ሰብስበው አወጡላት፤ ቤተሰባቸው በዚያ ሳምንት ዓሣ ሲበላ ከረመ። እሳቱ ቀን ከቀን በዝግታ ይነድዳል፣ ሁለቱ ሴቶች ተራ እየገቡ ያገላብጣሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዳቸው ካንዳቸው ጋር፣ አንዷ በአማርኛ ሌላዋ በጁባ አረብኛ፣ ዓይናቸው እያለቀሰ ሲያወሩ አገኛቸዋለሁ። ምን እንደሚግባቡ አላውቅም። አንድ ጊዜ ስለ ባሎች እንደነበረ ብቻ በሳቃቸው አውቄያለሁ።

ማማ ኪደንም ሁሉን ያውቃሉ ማለት አይደለም። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ እንቁራሪቶቹ ዝም ብለዋል፣ አሁን አልቋል ብለው አወጁ። እናቴ አምና ሰፌዶቹን ፀሐይ ላይ አወጣች። ከሰዓት በኋላ እንዴት ያለ ዝናብ መሰላችሁ! ሁለቱም ሰፌድ ሰፌዳቸውን ታቅፈው ወደ ጎጆው ሲሮጡ ተጋጭተው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። በርበሬውን ግን አላስነኩትም፤ ከጭናቸው ላይ አንስቼ የገባሁት እኔ ነኝ።

ነፋሱ ዞሮ ዝናቡ የእውነት ሲወጣ በርበሬው ደርቋል፤ ከመጣው ግማሽ ያህሉ ተርፏል። ካስተም ያሉት ወፍጮ ቤቶች የማሽላ ዱቄታቸውን ስለሚያበላሽባቸው በርበሬ አንቀበልም አሉ። በማማ ኪደን ረጅም የእንጨት ሙቀጫ ወቀጥነው። ሙቀጫው እኔን ያክላል፤ ለመውቀጥ ድንጋይ ላይ ቆሜ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሊያዩ መጥተው በማስነጠስ ብዛት ተበተኑ።

እናቴ የመጀመሪያውን ወጥ የሠራችው አርብ ቀን ነው። አባቴ ከሶላት መጥቶ ተቀመጠ። ጎረሰ። ቆም አለና እንደገና ጎረሰ።

"ጭስ ጭስ ይላል" አለ።

"የሎሎጎ በርበሬ ነው" አለችው እናቴ። "አገሩ እንዲህ ነው የሚያደርቀው።"

እየበላ፣ ላቡ እየወረደ፣ "ክረምቱ ወጣ አይደል?" አላት። ወጣ አለችው። ከተማው ጸጥ ብሎ ከርሞ ነበር። አባቴ እጁን ታጥቦ ተነሳ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ግማሽ ተሞልቶ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሻንጣ ከፍቶ ልብሴን አልጋው ላይ ገለበጠው፣ ባዶውን ሻንጣ አንስቶ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ወረወረው። በዚያ ቀን የነበረኝን ደስታ ከዚያ በኋላ አግኝቼው አላውቅም። የተገለበጠው ልብሴ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ፤ ማንም አልተቆጣኝም።

በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ሲመጣ እናቴ ጆንያውን አልነካችውም። ከኛ ማዶ አዲስ የገባች የአገራችን ሴት በርበሬዋን ግቢ ላይ ስትዘረጋ አየቻትና በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ "ማታራ ሊሳ ማ ከላሱ!" አለቻት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እናቴን አየቻት፤ አማርኛ መናገር የሚችል ሰው በአረብኛ ለምን ይጮኽብኛል ብላ ይሆናል። ከሸንበቆው ወዲያ ማማ ኪደን ሲስቁ ይሰማኝ ነበር።

ያ ሁሉ ተደርጎ የፈራነው አልቀረም። ዘግይቶ መጣ እንጂ። ሌላ ዝናብ፣ ሌላ ተኩስ፣ በዚህኛው ጊዜ ክርክርም አልነበረም፤ አባቴ ራሱ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሶን ሱቁን ይዞ ቀረ። እናቴ ሸራውን አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ስትከት ምን ይሠራልሻል አላላትም። አሁን የምንኖረው ቡታጅራ ነው። አባቴ ለአረፋ ሲመጣ ሻንጣ ይዞ ይመጣል። እናቴ ልጄ አታድግበትም ያለችውን አስተዳደግ ግማሹን አደግኩበት። ይናፍቀኛል፤ ተሰብስበን ሳለም፣ ሻንጣው በር ላይ ሲታየኝ፣ ይናፍቀኛል። ማማ ኪደንም ይናፍቁኛል። ልጆቻቸው ወደ ዩጋንዳ ወስደዋቸዋል ሲባል ሰምተናል፤ ጎጆው ይኑር አይኑር አላወቅንም።

እዚህ ጥቅምት ጥቅምት ነው። ሰማዩ ይታጠባል፣ ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ አለ፣ ግቢው ሁሉ በበርበሬ ቀይ ሆኖ ይውላል። የእናቴ ጆንያ ግን እንደታሰረ ጓዳ ተቀምጧል። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ኅዳር ማለቂያ ላይ አባቴ ደውሎ ከላስ፣ አለቀ፣ ሲላት ነው የምትፈታው፤ ሌላው አስፈጭቶ በልቶ ከጨረሰው በኋላ እሷ ገና ታሰጣለች። ጎረቤቶች ከሰው አገር አመል ይዛ መጣች ይሏታል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ ደወለ። እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ዘነበ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ መልሱን ግን ራሷም ትሰማው ነበር፣ እኔም እሰማው ነበር። የካስተም ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁን ዋጠው። ቆይ አለን፣ ከዚያ መነጋገሩን ተወው። ሦስታችንም ዝም ብለን ዝናቡን ሰማን፤ እሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ ጥርት ያለ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ።

ከጎን ያሉት ወይዘሮ ዛህራ የራሳቸውን በርበሬ እያገላበጡ ሲያዩን ቆይተው ነበር። "ዘይነባ፣ ፀሐዩ እንዲህ እያለልሽ በርበሬሽን ለመቼ ነው ያስቀመጥሽው?" አሏት።

እናቴ ቀና ብላ አንድ ደመና የሌለበትን ሰማይ አየችው።

"ክረምቱ ገና አልወጣም" አለቻቸው።